የአንቲቫይረሱ ቁልፍ በእኔ እጅ ሳለ

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔ የጀመረው ጫማ በማውለቅ ነው። በሰማንያዎቹ መጨረሻ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ተቀጥሬ ስገባ፣ የጽሕፈት ክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ አልማዝ በሩ ላይ አቆሙኝና እግሬን አዩ።

«አውልቅ» አሉኝ።

«ጫማዬን?»

«ታዲያ ምንህን? እዚህ ክፍል ኮምፒውተር አለ። ቫይረስ ይዘህብን እንዳትገባ።»

ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው አውልቄ በካልሲ ገባሁ። የአንደኛው እግር ካልሲ ተረከዙ ላይ ተቀዷል። ከታይፒስቶቹ አንዷ አየችና «እትዬ አልማዝ፣ ይኸኛው በቀዳዳው ያስገባብናል» አለች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሥራ የጀመርሁ ዕለት የሚሳቅብኝ ሰው መሆን አልፈለግሁም ነበር።

ኮምፒውተሩ ነጭ ጨርቅ ተከናንቦ ጥግ ላይ ተቀምጧል። የእኔ ሥራ በጽሕፈት መኪና ደብዳቤ መምታትና ጠዋት ጠዋት የኮምፒውተሩን አቧራ መጥረግ ነበር። መክፈት አይፈቀድልኝም። ወይዘሮ አልማዝ ክፉ ሰው አልነበሩም። ከአዲስ አበባ ይዞት የመጣው ባለሙያ «ከቫይረስ ጠብቁት» ብሏቸው ሄደ፤ ቫይረስ ምን እንደሆነ ግን አልነገራቸውም። እሳቸውም አልጠየቁም። ሳይጠይቁ የተቀበሉትን ትእዛዝ በጥብቅ ያስከብሩ ነበር። እኔም ቫይረስ ከጫማ የሚመጣ ነገር እየመሰለኝ ብዙ ጊዜ ኖርሁ።

ኮምፒውተር ያስተማረኝ ሰው የለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት አልመጣልኝም። ወይዘሮ አልማዝ በመጨረሻ ጨርቁን እንድገልጥ ሲፈቅዱልኝ፣ የምሳ ሰዓቴን እዚያ ማሽን ፊት ለፊት በላሁት። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የስህተት መልእክት ሲመጣ ሌላው ሰው ማሽኑን አጥፍቶ ይሸሻል። እኔ መዝገበ ቃላት ይዤ ቃል በቃል እፈታው ነበር። አንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ለመረዳት ሳምንት ይፈጅብኝ ነበር። በዚህ መንገድ የተማረ ሰው ያወቀውን አይረሳም፤ ያላወቀውን ደግሞ እንዳላወቀ አያውቅም። ይህን ሁለተኛውን የተረዳሁት በጣም ዘግይቼ ነው።

ከመሥሪያ ቤቱ ለቅቄ በመናኸሪያው መንገድ የጽሕፈትና የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ከፈትሁ። ፍላሽ የሚባለው ነገር ሲበዛ እንጀራዬ ሰፋ። አንዱ ከሌላው ፍላሽ እየተዋሰ፣ ቫይረሱ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ይዞር ጀመር። ሰው የጻፈው ሁሉ ከዓይኑ ይሰወርበትና እያለቀሰ ይመጣል። እኔ አጸዳለሁ፣ የተሰወረውን እገልጣለሁ፣ አንቲቫይረስ እጭናለሁ።

በገጠር ከተሞች ኢንተርኔት አልነበረም። አንቲቫይረስ ደግሞ አዳዲሶቹን ቫይረሶች እንዲያውቅ በየጊዜው መታደስ አለበት። ስለዚህ ማደሻውን ደብረ ማርቆስ ላይ አወርድና በፍላሽ ይዤ በአውቶቡስ እዞራለሁ፤ አንድ ቀን ሉማሜ፣ አንድ ቀን ደምበጫ፣ አንድ ቀን ጉንደ ወይን። ሉማሜ ላይ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ በስልክ «የቫይረሱን መድኃኒት ይዤ መጥቻለሁ» ስል የሰማች ባለቤቲቱ ቀረብ ብላ «ጋሼ፣ ለዶሮ ይሆናል? ሊያልቁብኝ ነው» አለችኝ። አይሆንም ስላት አዘነች፤ ግን ሻዩን ከፍ አድርጋ ቀዳችልኝ። መድኃኒተኛ ይከበራል።

ትልቁ ደንበኛዬ የገበሬዎች ዩኒየን ነበር። የአካባቢው የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሰባስበው ያቋቋሙት ድርጅት ነው፤ ለገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያቀርባል፣ እህል ይገዛል። ማሽኖቹን በውል የምጠግን እኔ ነበርሁ። ችግሬ ጸሐፊዎቹ ነበሩ። «ዘፈኑ እየተቆራረጠብን ነው» እያሉ አንቲቫይረሱን ያጠፉታል። እኔ በሄድሁ ቁጥር ማሽኑ ተመርዞ አገኘዋለሁ።

መከርሁ፣ ተቆጣሁ፣ አልሆነም። በመጨረሻ አንቲቫይረሱን በሁሉም ማሽኖች ላይ በይለፍ ቃል ቆለፍሁት። ከዚያ ወዲያ ያለ እኔ ማንም አያጠፋውም፣ ማንም አያወጣውም፣ እሱ የያዘውንም ማንም አያስፈታም። ሥራ አስኪያጁ አቶ በላቸው አንድ ቀን ጠሩኝ።

«ጋሽ ዓለሙ፣ ያን ቃል ለእኛም ይስጡን እንጂ። ሰው ነዎት፤ ይታመማሉ።»

«ስታመም ይደውሉልኛል።»

«ቢሞቱስ?»

«ያን ጊዜ ሌላ አንቲቫይረስ ይገዛሉ» አልሁ። ሳቁና ተዉኝ።

ልጄ ባንቺአምላክ ያደገችው በዚያ ሱቅ ውስጥ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የአማርኛ ጽሕፈት አስተምራት ነበር። የኮምፒውተሩ ቁልፎች የፈረንጅ ፊደል የተጻፈባቸው ስለሆኑ፣ የአማርኛው ፕሮግራም የሚነካውን ቁልፍ እየተከታተለ ወደ እኛ ፊደል ይለውጠዋል። አንዱ ፊደል በአንድ ምት ይወጣል፣ ሌላው ሁለት ምት ይፈልጋል። ቁልፉን እያየች እንዳትጽፍ እጆቿን በነጠላ እሸፍንባቸው ነበር። ስትሳሳት ከመጀመሪያው አስጀምራታለሁ። ታለቅስ ነበር። እናቷ «ልጅቷን ለቀቅ አድርጋት» ብትለኝም አልለቀቅኋትም። ሙያ እያባበለ አይገባም።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር ሳይንስ ተማረች። ተመርቃ እንደመጣች ዩኒየኑ ማስታወቂያ አወጣ፣ ተወዳደረች፣ አለፈች። የሙከራ ጊዜዋን ስትጨርስ ቋሚ እንደምትሆን ተነገራት። ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ደስ አለዎት» እያለ እጄን ጨበጠኝ። በአፌ አመሰግናለሁ አልሁ። ልቤ ግን ቀና።

ይህን ሳላድበሰብስ እጽፈዋለሁ። በልጄ ላይ ቀናሁ። እዚያ ግቢ ስገባ ስወጣ ከመጋዘኑ ደጃፍ ባለው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር ተራ የምጠብቀው። እሷ በሩ ላይ ስም የተለጠፈበት ክፍል ተሰጣት። የሚሽከረከር ወንበር ተሰጣት። አንገቷ ላይ ፎቶዋ ያለበት መታወቂያ ተንጠለጠለ። አቶ በላቸው ጠርተው «ከእንግዲህ የጥገና ጉዳይ በባለሙያዋ በኩል ይሁን» ሲሉኝ ያች ቃል ወጋችኝ። እኔ በዚያ ግቢ ጋሼ ተብያለሁ፣ ጠጋኙ ተብያለሁ፣ ባለፍላሹ ተብያለሁ። ባለሙያ ያለኝ ግን አልነበረም።

ለባለቤቴ ነገርኋት። «ምን ይገርማል፣ ባንቺ ድሮም ባለሙያ ናት፤ ዶሮ ወጥ ስትሠራ አላየህም?» ብላ ሳቀችብኝ። እራቴን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

ግንቦት ላይ ባንቺ እቤት እራት እየበላን ነገሩን አነሣችው።

«አባባ፣ የዩኒየኑን ማሽኖች ሲስተም ላሻሽለው ነው። ለድሮው ከእንግዲህ ማሻሻያ አይመጣለትም። ለሌባ ክፍት ነው።»

«በሰኔ በሬ አይለወጥም።»

«ገና ግንቦት ነው እኮ።»

«የሚያርስን በሬ ማን ይለውጣል? ደግሞ እኔ የጫንሁት አንቲቫይረስ አለ አይደል? ሌባውን እሱ ይይዘዋል።»

«አዲሱ ሲስተም የራሱን ጠባቂ ይዞ ነው የሚመጣው።»

«ታዲያ ሁለት ይሆናላ! ሁለት ዘበኛ ያለው ግቢ አይዘረፍም።»

ባንቺ ተነሥታ እጇን ታጠበች። የአንቲቫይረሱን የይለፍ ቃል እንድትጠይቀኝ ጠበቅሁ። እሷ ደግሞ ራሴው እንድሰጣት ጠበቀች። ለምን እንዳልጠየቀች በኋላ ነገረችኝ፤ ጸሐፊዎቹ «የአባቷን ወንበር ወርሳ ነው እንጂ ምን ታውቃለች» ይሏት ኖሯል። አባቷን ደጅ ሳትጠና አንድ ሥራ መጨረስ አማራት። እኔ በወንበሯ ስቀና እሷ በስሜ ትቀና ነበር። እንዲህ ሆነን ነው አንድ ገበታ ላይ የምንበላው።

ሲስተሙን፣ ማሽኑን የሚያስነሣውን ዋናውን ፕሮግራም፣ አሻሻለችው። ለጥቂት ቀናት ሁሉም ደኅና ሠራ። ከዚያ ማሽኖቹ መንቀርፈፍ፣ ከዚያም ቀጥ ብለው መቆም ጀመሩ። ምክንያቱን አሁን ስለማውቀው በቀላሉ ልናገረው። አሮጌው አንቲቫይረስና የአዲሱ ሲስተም ጠባቂ አይተዋወቁም። አንዱ አንድ ፋይል ሲፈትሽ ሌላው «ይህ የሚፈትሸው ማን ነው?» ብሎ እሱን ይፈትሻል። ያኛው መልሶ ይኸኛውን ይፈትሻል። ሁለት ዘበኞች በጨለማ አንገት ለአንገት ተያይዘው ሲታገሉ እንደማለት ነው፤ ባለቤቱ በሩን የሚከፍትለት አያገኝም።

የባሰው ሌላ ነው። አሮጌው አንቲቫይረስ በአዲሱ ሲስተም ላይ ሁሉም ነገር እንግዳ ሆነበት። የአማርኛውን ጽሕፈት ፕሮግራም ያዘው። ጥፋቱ ምን ነበር? ሰው የሚነካውን ቁልፍ ሁሉ ይከታተላል፤ የይለፍ ቃል የሚሰርቁ ሰላዮችም የሚሠሩት እንዲሁ ነው። ስለዚህ ፊደላችንን ሰላይ ብሎ አሰረው። ባንቺ ፕሮግራሙን እንደገና ስትጭነው እንደገና ያስረዋል። ጸሐፊዎቹ በአማርኛ ሲጽፉ የፈረንጅ ፊደል ይወጣል።

ይህ የሆነው ማዳበሪያ በሚወጣበት ሳምንት ነው። በከተማው ዙሪያ ላሉ ቀበሌዎች ማዳበሪያ የሚታደለው በቀጥታ ከዩኒየኑ መጋዘን ነበር። ገበሬው ስሙ የታተመበት የማውጫ ወረቀት ይሰጠዋል፣ ወረቀቱን ይዞ መጋዘን ይሄዳል። ዝናቡ ገብቷል፤ መሬቱ ዘር ይጠብቃል። አቶ በላቸው ለእሷ ሳይነግሩ እኔ ጋ ደወሉ።

«ጋሽ ዓለሙ፣ ይድረሱልን። ነገሩ ከልጅቱ አቅም በላይ ሆኗል።»

ስልኩን ዘግቼ ኮቴን ለበስሁ። እያፏጨሁ እንደሄድሁ ትዝ ይለኛል። እኔ የማፏጭ ሰው አይደለሁም።

ግቢው በሰውና በእንስሳ ሞልቷል። ፈረሶች አጥሩ ላይ ታስረዋል፤ ገበሬዎቹ ላስቲክ ተከናንበው ከጣሪያው ጠርዝ ስር ተደርድረዋል። አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ወረቀት ዘርግተው መንገዴን ዘጉት።

«የኔ ጌታ፣ የተማሩ ይመስላሉ። እስቲ ይህን ያንብቡልኝ።»

አየሁት። የፈረንጅ ፊደልና ነጠላ ሰረዝ ተደባልቆበታል።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«ምንም አይልም።»

«እንዴት ምንም አይልም? ስሜ እኮ ነው! አባቴ ያወጣልኝ ስም ምንም አይልም?»

ከኋላቸው አንዱ «ክርስትና ተነሥተው ፈረንጅ ሆነው ነዋ!» ሲል ሰልፉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። የመጋዘኑ ኃላፊ ምሕረቴ በሩ ላይ እግሩን አንፈራጥጦ ቆሟል። «እኔ የማላነበውን ስም ይዞ ለመጣ ማዳበሪያ አልሰጥም። ነገ ባለቤቱ መጥቶ የእኔስ የታለ ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?» ይላል። እውነቱን ነበር።

ባንቺ ክፍሏ ውስጥ ማሽኗ ፊት ቆማ አገኘኋት። ዓይኗ ቀልቷል። አቶ በላቸው ወደ ኮሪደሩ ጎተት አደረጉኝ።

«እውነቱን ይንገሩኝ። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ነው፤ ስለ እሷ አስተያየት እጽፋለሁ። ካልሆነላት ከእርስዎ ጋር ያለውን ውል እናሰፋዋለን። ክፍሉንም እንሰጥዎታለን።»

እንግዲህ የቀረበልኝ የልጄ እንጀራ ነው። አባት የሆነ ሰው እዚህ ላይ መቆጣት ነበረበት። እኔ ግን ክፍሉን ፈለግሁት። በሩ ላይ የሚለጠፈው ስሜ በምን ዓይነት ፊደል እንደሚጻፍ ሳይቀር አሰብሁ። «ልየው» ብዬ ገባሁ።

ወንበሯ ላይ ተቀመጥሁ። ተሽከርክሮ ወደ ግድግዳው አዞረኝ። አንዱ ጸሐፊ «ጋሼ፣ ልጓሙን ይያዙት!» አለኝ። ጠረጴዛውን ይዤ ተመለስሁና ሥራዬን ጀመርሁ። የአዲሱን ሲስተም ጠባቂ አጠፋሁት። ማሽኑን አጥፍቼ አስነሣሁት። ጠባቂው ተመልሶ ቆሟል። እንደገና አጠፋሁት፤ እንደገና ተነሣ።

ባንቺ ከኋላዬ ቆማ ነበር። «አባባ፣ እሱ ራሱን መልሶ ያስነሣል። ከሲስተሙ ጋር የተሠራ ስለሆነ አይወጣም። መውጣት ያለበት አሮጌው ነው።»

«አሮጌው የምትይው እኔ የጫንሁትን ነው?»

«አዎ። እሱን ነው።»

በክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ምሕረቴ መጋዘኑን ዘግቶ መጥቶ ከክፍሉ በር ላይ ያየኝ ነበር። ምሕረቴ በልጅነቱ ቅኔ ቤት የቆየ ሰው ነው፤ አንድ ቃል ካገኘ ሁለት አድርጎ ሳይሰነጥቀው አይተኛም።

«ጋሽ ዓለሙ» አለኝ፣ «ቅናት ለመነኩሴ የወገብ መታጠቂያ ነው። የእርስዎ ወደ አንገት ወጥቶ አነቀዎት መሰለኝ።»

ሰው ሳቀ። ፊቴ ጋለ። ሆኖም ከመስኮቱ ውጭ ያ ሽማግሌ ወረቀታቸውን ከዝናቡ ለማዳን ብብታቸው ውስጥ ሲከቱ አየሁ። የአንቲቫይረሱን ማስወጫ ከፈትሁና ቃሉን ጻፍሁ።

«የይለፍ ቃል ስሕተት» አለኝ።

ደግሜ ጻፍሁ። ስሕተት። ቀስ ብዬ፣ ጣት በጣት ጻፍሁ። ስሕተት። ቃሉን ባለፈው ወር እንኳ ተጠቅሜበታለሁ።

«ረሱት እንዴ?» አሉ አቶ በላቸው። ድምፃቸው ውስጥ የነበረው አዘኔታ ከስድብ ባሰብኝ።

ባንቺ ማያ ገጹን አታይም ነበር። የይለፍ ቃል ሲጻፍ ነጥብ ነጥብ ብቻ ነው የሚታየው። የምታየው እጄን ነው። ጎንበስ ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ።

«አባባ፣ በእኛ ፊደል ነው እንዴ የጻፉት?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ያን ቃል ስቆልፍ ሌባ እንዳይገምተው ብዬ በአማርኛ ነበር የጻፍሁት። ነጥቡ የፊደሉንም የፈረንጁንም እኩል ስለሚያሳይ ነገሩን ከዚያ ወዲያ አስቤው አላውቅም፤ የአማርኛው ፕሮግራም ሁልጊዜ ክፍት ነበር። አሁን ግን ፕሮግራሙ ታስሯል። እኔ የምመታው ቁልፍ ያው ነው፤ የሚወጣው ግን የፈረንጅ ፊደል ነው። ፊደሉን ለማስፈታት ቃሉ ያስፈልጋል። ቃሉን ለመጻፍ ደግሞ ፊደሉ። እንዲህ ያለ ቁልፍ የሠራሁት እኔው ነኝ። ሌባ አልገመተውም፤ ያ እውነት ነው።

«ፎርማት እናድርገው?» አለ ጸሐፊው።

«ሁሉንም ማሽን አጥፍቶ እንደገና ለመጫን ሳምንቱ ያልቃል» አለች ባንቺ። ጥቂት አሰበችና ወደ እኔ ዞረች። «ሱቅዎ ያለው ማሽን አልተሻሻለም፤ ፊደሉ እዚያ ይሠራል። እዚያ ይጻፉትና በፍላሽ ቀድተን እዚህ እንለጥፈው።»

እኔ ሕይወቴን በሙሉ ፍላሽ ይዤ የዞርሁ ሰው ነኝ። ያ አሳብ ለእኔ መምጣት ነበረበት። ለእሷ መጣ። እዚያው ቆሜ እንደገና ቀናሁ።

በባጃጅ ሄድን። ሱቄ እንደገባን ማሽኑን ከፈትሁ። ባንቺ ጀርባዋን ሰጥታኝ መንገዱን ታይ ጀመር።

«ይጻፉት፤ አላይም።»

ጻፍሁት፣ በፍላሽ ቀዳሁት፣ ተመለስን። ዩኒየኑ ስንደርስ ማሽኗ ላይ ፍላሹን ሰካችና ፋይሉን ከፈተች። ቃሉ በጉልህ ፊደል ማያ ገጹ ላይ ተዘረጋ። አቶ በላቸው አንገታቸውን አስግገው አነበቡት።

«ያለእኔማን» አሉ ጮክ ብለው። «ይሄ የማን ስም ነው?»

ምሕረቴ «የፈረስ ስም ይመስላል» አለ።

መሬቱ ቢሰነጠቅ እገባ ነበር። ቃሉን የመረጥሁት እኔ ነኝ፤ ያለ እኔ ማን አለ ማለቴ ነው፤ በዚያ ግቢ፣ በዚያ ማሽን ላይ፣ ያለ እኔ ማን ሊሠራ። ባንቺ አንገቷን ሳታዞር፣ ድምፅዋን ሳትለውጥ መለሰች።

«የድሮው ፕሮግራም መጠሪያ ነው» አለች። ቀዳችው፣ ለጠፈችው፣ አንቲቫይረሱ ተከፈተ።

መጀመሪያ የታሰረውን ፊደል አስፈታች። ቀጥላ አሮጌውን አንቲቫይረስ አወጣችው፤ የተበታተነ ርዝራዡን ሳይቀር እየፈለገች አጸዳች። ማሽኑን አጥፍታ አስነሣችው። የአዲሱ ሲስተም ጠባቂ ብቻውን ቆሟል፤ ማሽኑ እንደ ውኃ ይፈስሳል። ወደ ሁለተኛው ማሽን ተሻገረች። እኔ ወንበሩን ለቅቄ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምሁ።

ሽማግሌው መጀመሪያ ተጠሩ። አዲሱን ወረቀት ጸሐፊው አነበበላቸው፤ ስማቸውን እስከ አያታቸው። ወረቀቱን ተቀብለው ገልበጥ ቀና አድርገው አዩትና «አሁን እኔ ነኝ» ብለው ወደ መጋዘኑ ሄዱ።

አቶ በላቸው ከጸሐፊዎቹ ፊት እጄን ጨበጡኝ። «ጋሽ ዓለሙ ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር! መቼም መላውን የዘየዱት እርስዎ ነዎት፣ አይደል?»

የሚጠብቁት አዎ እንድል ነው። ክፍሉም ውሉም በዚያች ቃል ላይ ተንጠልጥሏል። ባንቺ ቀና አላለችም፤ ሥራዋን ቀጥላለች። አዎ የሚለው ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፤ ጣዕሙ እስካሁን አለ።

«እኔ ሞክሬ አልቻልሁም» አልሁ። «ያስተካከለችው እሷ ናት። አስተያየት የሚጽፉ ከሆነ ይህን ይጻፉ።»

ማታ በእግራችን ወደ ቤት ስንመለስ ጠየቅኋት።

«ቃሉን ያወቅሽው አቶ በላቸው ሲያነቡት ነው?»

«አይ። እዚህ ሦስት ጊዜ ሲሞክሩ ከጣትዎ ላይ አነበብሁት።»

«ታዲያ ሱቅ ውስጥ ለምን ጀርባሽን ሰጠሽኝ?»

«ማወቄን እንዳያውቁ ብዬ ነዋ።»

ከዚያ በኋላ እስከ ቤት ድረስ ስለ ዝናቡ ነው የተጨዋወትነው።

ባንቺ ቋሚ ሆነች። የእኔ ውል ጊዜው ሲደርስ አልታደሰም፤ የሚታደስበት ምክንያትም አልነበረም። ሱቄን ዓይኔ እስኪደክም ሠራሁና ዘጋሁ። ዛሬ እሷ ዩኒየኑን ለቅቃ ከዚያ የሚበልጥ ቦታ ትሠራለች። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «የባንቺአምላክ አባት» ይለኛል። ደስ ይለኛል፤ እቀናለሁም። ሁለቱ አብረው ይኖራሉ፤ አንዱ እስኪወጣ ብጠብቅ አልወጣም።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ የምለው ይህ ነው። ሲስተም ከማሻሻላችሁ በፊት አሮጌውን አንቲቫይረስ አውጡ። የይለፍ ቃል በሌላ ፕሮግራም ላይ ተደግፋችሁ አትጻፉ። ቃሉን ሁለት ሰው ይወቀው። ሁለተኛውን ሰው ስትመርጡ የምትቀኑበትን ምረጡ፤ ሰው የሚቀናው ሥራ በሚችል ላይ ነው።